ጉንዳንን ከቀፎዬ እንዴት አባረርኩት

መስከረም ላይ፣ አደይ አበባ በፈነዳበት ሰሞን፣ ሱሉልታ ያለው ግቢያችን ውስጥ አንዱን ቀፎ ጉንዳን ወረረው። መጀመሪያ ያየችው ትንሿ ልጄ ናት። «አባዬ፣ ንቦቹ ውጪ አደሩ እኮ!» እያለች ሮጣ መጣች። እውነትም ቀፎው ፊት ላይ እንደ ወይን ዘለላ ተንጠልጥለዋል። በመቆሚያው እግር ላይ ደግሞ ጥቁር መስመር ሽቅብ ይተማል።

አመድ ነሰነስኩ። ለሁለት ቀን ሠራ፣ ከዚያ ዝናብ አጠበው።

ቀጥሎ ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት ለምኜ መጣሁ። አመሻሽ ላይ ንቦቹን ጭስ ሰጥተን፣ ከባለቤቴ ጋር መቆሚያውን ከነቀፎው አነሳንና አራቱን እግሮች ዘይት ያለባቸው ጣሳዎች ውስጥ አቆምናቸው።

በነጋታው ጉንዳኑ እዚያው! በጣም ተናደድኩ። ተንበርክኬ ሳይ ለካ አንዲት የሣር ቅጠል ዘንበል ብላ መቆሚያውን ነክታለች። በእሷ ላይ ተሰልፈው ይሻገራሉ። ዙሪያውን አንድ እርምጃ ያህል በማጭድ ሙልጭ አድርጌ አጨድኩት፤ በዚያው ቆመ።

አሁን ከየጣሳው በላይ ቁራጭ ቆርቆሮ እግሩ ላይ አስሬያለሁ። ያለበለዚያ ዝናቡ ጣሳውን ሲሞላው ዘይቱ ስለሚንሳፈፍ ፈስሶ ያልቃል። ዶሮዎቹም እንዳይጭሩት በሽቦ አጠርኩት። ሣሩን በየሳምንቱ የማየት ሥራ የልጄ ነው፤ ከእኔ ይልቅ እሷ አትረሳም።