አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ስትቀይሩ የወረዳ ፋይላችሁን እንዴት ታዛውራላችሁ?

ቤት ስንቀይር ፍሪጁን፣ ሶፋውን፣ ሲሊንደሩን ሳንረሳ እንጭናለን። የነዋሪነት ፋይላችን ግን ድሮው ወረዳ ይቀራል። እኔ ከመሀል ከተማ ወደ ዳር ስወጣ መሸኛ፣ ማለትም ድሮው ወረዳ ለአዲሱ የሚጽፈውን የዝውውር ደብዳቤ፣ አልወሰድኩም ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ለልጄ የልደት ሰርተፍኬት ፈልጌ በአቅራቢያዬ ያለው ወረዳ ስሄድ «እዚህ አልተመዘገቡም» ተባልኩ። ወደ ድሮው ስመለስ ግቢያችን ፈርሷል፣ ጎረቤቶቼም የሉም፣ ፋይሌን ለማስፈለግ ብቻ አራት ቀን ተመላለስኩ። ሌላ ሰው እንዲህ እንዳይንከራተት ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ፣ አዲሱ ቤት በየትኛው ወረዳ ሥር እንደሆነ አረጋግጡ። የሰፈር ስም አይበቃም። አዲስ አበባ አሁን 11 ክፍለ ከተማ ነው ያላት፤ ለሚ ኩራ ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ የተጨመረው በቅርቡ ስለሆነ አያትና ሰሚት አካባቢ የቆየ ሰው ዛሬም በድሮው ክፍለ ከተማ ስም ሲጠራው ትሰማላችሁ። አንዳንድ ቦታ ደግሞ አስፋልቱን ስትሻገሩ ወረዳው ይቀየራል። ቀላሉ መንገድ ጎረቤት ወይም ባለሱቁን «መታወቂያችሁ የየት ወረዳ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። የቤት ቁጥሩንም ያዙ፣ በሁሉም ቅጽ ላይ ይፈለጋል።

ከከተማው ጫፍ የምትከራዩ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ለገጣፎ በኦሮሚያ ክልል ሥር ባለው በሸገር ከተማ ውስጥ ናቸው። ታክሲው ከአዲስ አበባ ቢነሳም አስተዳደሩ ሌላ ነው። እዚያ ባለ ቤት የአዲስ አበባ ነዋሪነት መታወቂያ አይወጣም።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት አከራዩን አነጋግሩ። ይህን ከሁሉም በላይ አደራ እላለሁ። «በቤት ቁጥርዎ ላይ እመዘገባለሁ፣ ወረዳ ቀርበው ይፈርሙልኛል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንድ አከራይ ተከራይ ከተመዘገበ ቤቱን ይገባኛል ይላል ብሎ ይፈራል፣ ፍርሃቱን ከገባችሁ በኋላ ከምትሰሙት ሳትገቡ ብትሰሙት ይሻላል። የኪራይ ውሉም በጽሑፍ ይሁን። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል መጻፍና በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት አያንስም። የተመዘገበ ውል መኪና ላይ ከተጫነው ዕቃ ሁሉ ይበልጣል።

ቀጥሎ መሸኛ። ዕቃ ከመጫናችሁ በፊት ቢሆን ይመረጣል። ድሮው ወረዳ ያለው የሲቪል ምዝገባና የነዋሪነት አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ ሰው አሁንም «ቀበሌ» ነው የሚለው። መታወቂያችሁንና ጉርድ ፎቶ ያዙ። ወዴት እንደምትዛወሩ ክፍለ ከተማውንና ወረዳውን ጠቅሳችሁ ተናገሩ። የመንግሥት ቢሮ ሰዓት ከ2:30 እስከ 6:30፣ ከሰዓት ከ7:30 እስከ 11:30 ነው። አርብ ጠዋት ግን 5:30 ላይ ይዘጋና 7:30 ይከፈታል። አርብ 5:00 ላይ የደረሰ ሰው ብዙ ጊዜ ወረፋው ላይ ነው የሚዘጋበት።

ደብዳቤው ሲሰጣችሁ እዚያው ቆማችሁ አንብቡት፣ ወረፋው ቢያጉረመርምም። የቤተሰቡ ስም ሁሉ መኖሩን እዩ። የተዘለለ ልጅ በኋላ ብቻውን ሊያመላልሳችሁ ይችላል። ፊደሉንም እዩ፦ «ኃይሉ» አንዱ ወረቀት ላይ «ሀይሉ» ሆኖ፣ «ፀሐይ» ሌላው ላይ «ጸሃይ» ሆኖ ይጻፋል፣ ለእኛ ያው ነው፣ ኮምፒውተር ላይ ግን ሁለት ሰው ነው። የልደት ቀን በኢትዮጵያ ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር በግልጽ ይጻፍ። ስማችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ከፓስፖርታችሁና ከፋይዳ መታወቂያችሁ ጋር አንድ ይሁን። አንዲት ፊደል ተሳስታ ስታገኙ «ይሁን፣ ይለፍ» አትበሉ። ማህተም፣ ፊርማ፣ ቀንና የደብዳቤ ቁጥር ካያችሁ በኋላ ኮፒ አድርጉ፣ ዋናው አዲሱ ወረዳ ስለሚቀር።

ከዚያ አዲሱ ወረዳ። የራሳችሁ ቤት ከሆነ ካርታውን ወይም የኮንዶሚኒየም ውሉን፣ ተከራይ ከሆናችሁ የኪራይ ውሉን ከመሸኛው ጋር ይዛችሁ ቅረቡ። ዘመድ ቤት ከሆናችሁ ቤቱ የተመዘገበበት ሰው አብሮ ይምጣ። በስልክ «ፈቅጃለሁ» ማለት አያስኬድም። ቅጹን ሞልታችሁ ስታስረክቡ መቼ እንደምትመለሱ ጠይቁና ቀኑን ጻፉት።

ብዙ ሰው «ፋይዳ አለኝ፣ ይበቃኛል» ሲል እሰማለሁ። ፋይዳ ማን እንደሆናችሁ ይናገራል እንጂ የየት ወረዳ ነዋሪ እንደሆናችሁ አይመሰክርም። ያላገባ ማስረጃ ወይም የልጅ ልደት ስትፈልጉ የሚታየው ወረዳ ያለው ፋይል ነው። ልጅ የምታስመዘግቡ፣ ሠርግ የምታስቡ ወይም ፓስፖርት የምታወጡ ከሆነ ዝውውሩን ቢያንስ ከጥቂት ወር በፊት ጀምሩት።