ያገለገለ ፖርሽ ቦክስተር ከመግዛትዎ በፊት፦ ምልክቱ፣ መነሻውና መፍትሄው

የመጀመሪያው ቦክስተር፣ በፋብሪካ መለያው 986 የሚባለው፣ ከ1997 እስከ 2004 ሞዴል ድረስ የተሠራ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር)። ዛሬ አሜሪካም ሆነ ጀርመን ውስጥ መሸጫ ዋጋው ብዙ ሰው የሚደርስበት ሆኗል፤ የመለዋወጫውና የጋራዡ ሂሳብ ግን አሁንም የፖርሽ ሂሳብ ነው። ሞተሩ ከወንበሮቹ በስተኋላ ተደብቆ ስለሚቀመጥ፣ እንደ ሌላ መኪና ኮፈን ከፍቶ ማየት የለም። ስለዚህ ገዢ የሚፈርደው በጭሱ፣ በድምፁ፣ በዘይቱና በውሃው ነው።

ለሻጩ አስቀድመው ደውለው እርስዎ እስኪደርሱ ሞተሩ እንዳይነሳ ያስጠንቅቁ። ሲደርሱ የማርሚታውን ጫፍ በእጅዎ ይንኩ። ሞቆ ካገኙት ሌላ ቀን ይመለሱ። በቀዝቃዛ ሞተር ላይ የሚሰሙትና የሚታዩት ብዙ ምልክቶች ሲሞቅ ይሰወራሉ።

ሲነሳ ያጨሳል

ሲሊንደሮቹ የተጋደሙ ስለሆኑ መኪናው ሲያድር ትንሽ ዘይት ወደ ውስጥ ይገባል። ሲነሳ ብልጭ ብሎ በጥቂት ሰከንድ የሚጠፋ ሰማያዊ ጭስ አያስደነግጥም። መኪናውን የሚሸፍን፣ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ግን ሌላ ነገር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ዘይትን ከአየር የሚለየው ክፍል ውስጥ ያለው ስስ ጎማ ተቀዷል ማለት ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ እየሠራ፣ በፖርቶ ባጋልዮው ውስጥ ያለውን የዘይት መሙያ ክዳን ለመክፈት ይሞክሩ። ክዳኑ በኃይል ተስቦ አልነቀል ካለ ጎማው አልቋል። ዕቃው ራሱ ውድ አይደለም፤ ቦታው ጠባብ ስለሆነ የሚያስከፍለው ጉልበቱ ነው። ችላ ከተባለ ሞተሩ በአየር ማስገቢያው በኩል ዘይት እየጠጣ ይሄዳል።

በሞተሩና በካምቢዮው መገናኛ ላይ ዘይት ያንጠባጥባል

በዚህ መኪና ላይ ከሁሉ የሚያሳስበው ይህ አካባቢ ነው፤ ጊዜዎንም እዚህ ላይ ያጥፉ።

ከታች ሲያዩ ሁለቱ አካላት የሚጋጠሙበት ቦታ በዘይት ርሶ ካገኙት መነሻው ከሁለት አንዱ ነው፦ የክራንክ ሻፍቱ የኋላ ኦይል ሲል (የዘይት መድፈኛ)፣ ወይም የመካከለኛው ሻፍት (የክራንክ ሻፍቱን ዙር በካቴና ወደ ባልቦላዎቹ የሚያስተላልፈው ዘንግ) ክዳን ኦይል ሲል። ጠብታ ብቻ ከሆነ ለመኪናው ሞት አይደለም፤ ፍሪሲዮን በሚቀየርበት ጊዜ አብሮ ይሠራል። ዋናው ጉዳይ ከክዳኑ ጀርባ ያለው ኩሽኔታ ነው። ይህ ኩሽኔታ ተደፍኖ የሚሠራ፣ በራሱ ግራሶ የሚዞር ነው። ዓመታት ሲያልፉ የሞተሩ ዘይት በመድፈኛው ሾልኮ ይገባና ግራሶውን ያጥበዋል፤ ከዚያ በኋላ ኩሽኔታው በቂ ቅባት አያገኝም። ኳሶቹ ይበላሉ፣ ሻፍቱ ይላላል፣ የታይሚንግ ካቴናው ይዘላል፣ ባልቦላና ፒስተን ይጋጫሉ። ያኔ የሚጠገን ሞተር አይቀርም።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኩሽኔታ ባለ ሁለት ረድፍ ኳስ ሲሆን የተሻለ ይበረክታል። በ2000 ሞዴል አካባቢ ወደ ባለ አንድ ረድፍ ተቀየረ፤ ደካማው ይኸኛው ነው። መሸጋገሪያው ወጥ ስላልነበር፣ በዚያ ሰሞን የተሠራ መኪና የትኛውን እንደያዘ የሚታወቀው ክዳኑ ሲከፈት ነው።

ልብ ይበሉ፦ መገናኛው ደረቅ መሆኑ ኩሽኔታው ጤነኛ ነው አያሰኝም። የሚያናግረው ፊልትሮው ነው። የዘይት ለውጡን እኔ እከፍላለሁ ብለው ሻጩን ያግባቡት። የፊልትሮውን ቤት በ74 ሚሊ ሜትር ባለ 14 ጎን መፍቻ ያስፈቱ፤ ሲመለስ በ25 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል። የወረቀቱን ፊልትሮ በስለት ቆርጠው እጥፋቶቹን አንድ በአንድ በነጭ ጨርቅ ላይ ይዘርጉ፣ ማግኔትም ያሳልፉበት። ማግኔቱ ላይ የሚለጠፍ የሚያብረቀርቅ ቅንጣት ብረት ነው፤ ኩሽኔታው መበላት ጀምሯል ብለው ይጠርጥሩ። ቡናማ የፕላስቲክ ስብርባሪ ካገኙ የካቴናው መንሸራተቻዎች እያለቁ ነው።

ፊልትሮው ንጹህ ከሆነና ኩሽኔታው ገና ካልተቀየረ፣ ካምቢዮው ወርዶ ፍሪሲዮኑ፣ ኦይል ሲሉና ኩሽኔታው በአንድ ጊዜ ይቀየሩ። የዚህን ሥራ ዋጋ አስቀድመው ጠይቀው ከመኪናው ዋጋ ላይ ያስቀንሱ። ሻጩ ተቀይሯል ካለ፣ ቀንና ኪሎ ሜትር የተጻፈበት ደረሰኝ ያሳይ። ፊልትሮው ብረት ከያዘ ግን አይግዙት፤ ብረቱ ከዘይቱ ጋር ሞተሩን ዞሮታልና አዲስ ኩሽኔታ አያድነውም።

ከገዙ በኋላ ዘይቱን በየ8,000 ኪሎ ሜትሩ ወይም በዓመት አንዴ ይቀይሩ። ከ8 ሊትር በላይ ይወስዳል።

ኩላንት ይጎድላል፣ ወይም መልኩ ተቀይሯል

የኩላንቱ ማጠራቀሚያ የፕላስቲክ ነው፤ ሲያረጅ ይሰነጠቃል። የፖርቶ ባጋልዮውን ምንጣፍ ገልጠው እጅዎን ያሳልፉ፤ ርጥበትና ጣፋጭ ሽታ ካለ ማጠራቀሚያውና ክዳኑ አብረው ይቀየራሉ። ከዚያ ክዳኑን (በቀዝቃዛ ሞተር ብቻ!) ከፍተው በእጅ ባትሪ ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ፈሳሹ ማኪያቶ መስሎ ካገኙት ዘይትና ውሃ ተቀላቅለዋል። ዘይት ማቀዝቀዣው ሾልኮ ከሆነ በቀላሉ ይቀየራል፤ ቴስታታ ወይም የሲሊንደር ግድግዳ ተሰንጥቆ ከሆነ ሞተሩ ወርዶ ይፈታል። የቱ እንደሆነ በግፊት ምርመራ ሳይለይ ገንዘብ አይክፈሉ። በዘይት ክዳኑ ስር ብቻ የሚታይ ቢጫ አረፋ ግን፣ መኪናው አጭር መንገድ ብቻ የሚነዳ ከሆነ፣ የጤዛ ውጤት ሊሆን ይችላል።

የፊት መከላከያው ቀዳዳ ውስጥም ያብሩ። ራዲያተሮቹ ፊት የተጠራቀመ ቅጠል ርጥበት ይዞ ያበሰብሳቸዋል።

ምንጣፉ ርሷል፣ ቁልፉም አልታወቅ ይላል

የጨርቅ ጣሪያው የውሃ መውረጃዎች በቅጠል ሲደፈኑ ውሃው ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ የቁልፉና የማንቂያው መቆጣጠሪያ ደግሞ ወንበር ስር ወለሉ ላይ ነው። ምንጣፉን ጫን ጫን አድርገው ይፈትሹ። መውረጃውን መክፈት የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ውሃ የነካውን መቆጣጠሪያ መተካት ግን ከቁልፉ ጋር እንደገና ማጣጣም ይጠይቃል።

በመንገድ ላይ

በርጥብ ቀን ሞተሩ ከተንገጫገጨ ስድስቱን የካንዴላ ኮይሎች ይዩ፤ የተሰነጠቁ ከሆኑ ከስድስቱ ካንዴላ ጋር ይቀየራሉ። በትናንሽ ጉድጓድ ላይ ከፊት ኳ ኳ የሚል ድምፅ የእግሮቹን አርሞች ማለቅ ያመለክታል። በሦስተኛ ማርሽ፣ በ3,000 ዙር አካባቢ ነዳጁን ሙሉ ይርገጡ፤ ዙሩ ወጥቶ ፍጥነቱ ካልተከተለ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ሁለተኛ ማርሽ በራሱ ወደ ባዶ ከወጣ ችግሩ ካምቢዮው ውስጥ ነው።

በመጨረሻም ከ2000 ሞዴል ወዲህ ያለ ከሆነ ኮምፒውተሩን ያስነብቡ። ወደ አራተኛ ሊያስገቡ ሁለተኛ ማስገባት ሞተሩን ከልክ በላይ ያዞረዋል፤ ይህ ስንት ጊዜ እንደተመዘገበና ሞተሩ በስንተኛ የሥራ ሰዓቱ ላይ እንደደረሰ እዚያው ይገኛል። ሞተሩ በጠቅላላው የሠራበትን ሰዓትም ይጻፉና ኪሎ ሜትሩን ለሰዓቱ ያካፍሉ። 120,000 ኪሎ ሜትር በ2,400 ሰዓት ቢሆን በሰዓት 50 ይመጣል፤ ይህ ያስኬዳል። 20 ከመጣ ቆጣሪው ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳይሆን ሻጩን ይጠይቁ።