ለጥምቀት ከመሸመት በፊት

ጎንደር ውስጥ ጥር 11 ሲቃረብ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ብሂል የብዙ ቤተሰብን ኪስ ስለሚፈትን፣ ወደ ቅዳሜ ገበያ ከመውጣትዎ በፊት አንድ ነገር እንዲያደርጉ እመክራለሁ። ደመወዝ ወይም የንግድ ትርፍ በእጅዎ እንደገባ አስቀድመው አሥራቱን ይለዩ፤ ቀጥሎም ለቤት ኪራይ፣ ለእህልና ለእቁብ የሚሆነውን ያስቀምጡ። ከዚያ በኋላ ሊገዙት ያሰቡትን ሁሉ በደብተር ጽፈው፣ «ይህን የምፈልገው ስለሚያስፈልገኝ ነው ወይስ ጎረቤቴ ስለገዛ?» ለሚለው ጥያቄ በሐቅ ይመልሱ፤ ሁለተኛው ከሆነ ግዢውን እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ያቆዩት። ብዙው ምኞት ሳምንት አይቆይም።

ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ጢሞቴዎስ 6፥8 ምግብና ልብስ ካለን ይበቃናል ቢልም፣ በቁጥር 10 ላይ የክፋት ሥር ያደረገው ገንዘብን ሳይሆን ገንዘብን መውደድን ነው፤ ስለዚህ አዲስ የሀገር ልብስ መልበስ በራሱ ነውር አይደለም፣ ተበድሮ መልበስ ግን (እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ በዓሉን የሚያከብረው አበዳሪው ነው) ሌላ ጉዳይ ነው። ይበቃኛል ማለትም እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም፤ ኤፌሶን 4፥28 ሰው በእጁ እንዲሠራ የሚያዘው ለጎደለው የሚያካፍለው እንዲኖረው ነውና። በነቢያት ጾም ከሥጋና ከቅቤ የተረፈውን ገንዘብ ለብቻው ቢያስቀምጡት ደግሞ፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር በሚወርዱበት በከተራ ዕለት ለነዳያን የሚሰጡትን ሳይቸገሩ ያገኛሉ።