ያገለገለ የናፍታ ፎርዊል ድራይቭ እንዴት ይገዛል፣ እንዴትስ ይያዛል? ለደሴና ለኮምቦልቻ ነዋሪ

ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ይገኛሉ። ሁለቱን የሚያገናኘው የ25 ኪሎ ሜትር ያህል የሐረጎ ዳገት የታመመ ሞተርን ያለ ኮምፒውተር ያጋልጣል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ገዢ የሚያማርጠው እዚሁ ካሉት መኪኖች መካከል ነው። ስለዚህ ፈትሾ መግዛትና የገዙትን ጠብቆ መያዝ ከበፊቱ ይበልጥ ዋጋ አለው።

መጀመሪያ ሞተሩን ይምረጡ

ገበያ ላይ ከሚገኙት የቶዮታ ናፍታ ሞተሮች ሦስቱን እንይ። ዋን ኤች ዜድ (1HZ) 4.2 ሊትር፣ ባለ 6 ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው ነው። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ስለሚያንስ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ዳገት ላይ ትንሽ ጥቁር ጭስ ቢያወጣ አያስደነግጥም። የናፍታ ፖምፓው ሜካኒካል ስለሆነ የሚጠግነው አይጠፋም። ዋን ኬ ዜድ (1KZ) 3.0 ሊትር ባለ ቱርቦ ሲሆን ዳገት ላይ ጎበዝ ነው፤ ነገር ግን አንዴ ከልክ በላይ ከጋለ ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተሩ ራስ) ሊሰነጠቅ ይችላል። ዋን ኬ ዲ (1KD) ነዳጅ ቆጣቢና ኃይለኛ ቢሆንም ቆሻሻ ናፍታ አይችልም። ናፍታውን የሚረጩት ኢንጀክተሮች የመዳብ ሮንዴላ ካሳለፈ ጥላሸት ወደ ዘይቱ ይገባና ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ) ውስጥ ያለውን የዘይት ማጥለያ ይደፍናል፤ ዘይት ያጣ ሞተር ደግሞ ነክሶ ይቆማል። ለገጠር መንገድና ለረጅም ዕድሜ የሚገዛ ሰው ፍጥነቱን ትቶ ዋን ኤች ዜድን ቢይዝ ይሻለዋል።

ሞተሩ ሳይሞቅ ይድረሱ

ሻጩ ቀድሞ እንዳያስነሳው ይንገሩት፤ ሲደርሱም ኮፈኑን በእጅዎ ዳስሱት። ሞቆ ከጠበቀዎት በሌላ ቀን ጠዋት ይመለሱ።

ቀዝቃዛ እንደሆነ የራዲያተሩን ክዳን ይክፈቱ። ውሃው የዝገት ቀለም ካለው ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ብቻ ሲጠጣ ኖሯል ማለት ነው። የዘይት ቅባት ከተንሳፈፈበት ግን ምርመራውን እዚያው ያቁሙ። ክዳኑን ይግጠሙና ሞተሩን ያስነሱ፤ ከዚያም የላይኛውን የራዲያተር ጎማ በእጅዎ ይያዙት። ውሃው ገና ሳይሞቅ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጎማው እንደ ድንጋይ ከጠነከረ የሲሊንደሩ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው፤ የቴስታታ ጋስኬቱ ተበልቷል ወይም ቴስታታው ተሰንጥቋል።

የደሴ ጠዋት ብርድ ለካንዴሌታውም (ቀዝቃዛ የናፍታ ሞተር ሲነሳ ሲሊንደሩን የሚያሞቀው) ጥሩ ፈተና ነው። ሞተሩ ብዙ ከተንገላታ በኋላ ተነስቶ ዓይን የሚያቃጥል ነጭ ጭስ ለረጅም ጊዜ ካወጣ ካንዴሌታው ሞቷል፤ ካንዴሌታው ደህና ከሆነ ደግሞ ኮምፕሬሽኑ (ሲሊንደሩ አየሩን የሚጨምቅበት ኃይል) ወርዶ ይሆናል። ሞተሩ እየሠራ እያለ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈተው ሳያነሱ እላዩ ላይ ያስቀምጡት። ክዳኑ እየዘለለ ከወደቀና እንፋሎት በኃይል ከወጣ የፒስተን ፋሻዎቹ አልቀዋል።

ሐረጎን ያስወጡት

ከኮምቦልቻ ተነስተው ኤሲውን ከፍተው፣ ሞተሩን ሳያሳርፉ ይውጡ። የሙቀት መለኪያው አንዴ ቦታውን ከያዘ እስከ ደሴ ድረስ ንቅንቅ ማለት የለበትም። ከወጣ ሻጩ «ቆጣሪው ነው የተበላሸው» ይልዎታል፤ እርስዎ ግን መኪናውን መልሱለት። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። ጤነኛ ክዳን ግፊት ይዞ የመፍያውን መጠን ከ110 በላይ ያደርሰዋል፤ ላስቲኩ የተሰነጠቀ ክዳን ግን ግፊቱን ይለቅቀውና ሞተሩ ገና ሥራ ላይ እያለ ውሃው ይፈላል። የብዙ ቴስታታ ሞት የሚጀምረው ከዚህች ርካሽ ክዳን ነው።

ከኋላ በሌላ መኪና የሚከተል ሰው ጭሱን ይይልዎት። ወፍራም ጥቁር ጭስ የአየር እጥረትን ወይም የተበላሸ ኢንጀክተርን፣ ሰማያዊ ዘይት መቃጠሉን፣ የማያቋርጥ ነጭ ደግሞ ውሃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ያሳያል። በመልሱ ቁልቁለት በሦስተኛ ማርሽ፣ እግርዎን ከነዳጁ አንስተው ይውረዱ፤ ማርሹ በራሱ ከወጣ ካምቢዮው ተበልቷል። ከታች ነዳጅ ሲረግጡ ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ካለ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ነው።

ፎርዊሉና ሥሩ

ጠጠር ወይም አፈር መንገድ ላይ ሄደው የፎርዊሉን ከባድና ቀላል ማርሽ ያስገቡ፣ ያውጡ። ደረቅ አስፋልት ላይ ፎርዊል አስገብቶ መጠምዘዝ ማርሾቹን ስለሚያስጨንቅ ሻጩ እንዲህ ሲያሳይዎት አይደሰቱ። የፊት እግሩ ጉልበት (የፊት ጎማው የሚታጠፍበት መገጣጠሚያ) ላይ ግሪስና ዘይት ተቀላቅሎ ከፈሰሰ ዘይት የሚይዘው ጎሚኒ አልፏል። ክሮቸራውን (የማስተላለፊያ ዘንጉን መገጣጠሚያ) በእጅ ወዲያና ወዲህ ሲያዞሩት ቀጭ ካለ ይቀየራል። ሻንሲው ላይ አዲስ ብየዳ ወይም አዲስ ቀለም ካዩ ምክንያቱን ይጠይቁ።

ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያስተያዩ፤ ፋይሉ ባለበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤትም የባንክ ወይም የፍርድ ቤት እግድ አለመኖሩን ያረጋግጡ። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ የቀረጡ ጉዳይ ሳያልቅ ገንዘብ አይስጡ።

ከገዙ በኋላ

የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ከሌለ እንዳልተቀየረ ይቁጠሩት። ሦስቱም ሞተሮች ቺንጋ አላቸው፤ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ከመወጠሪያው ጋር አብሮ ይቀየር፤ ከዚያ በየ100,000 ኪሎ ሜትር።

የሞተር ዘይት 15 ዳብልዩ 40 የናፍታ ዘይት ከነፊልትሮው በየ5,000 ኪሎ ሜትር ይለወጥ፤ ዋን ኬ ዲ ወደ 7 ሊትር፣ ዋን ኤች ዜድ ከ9 ሊትር በላይ ይወስዳል። የዲፈረንሻል ዘይት 80 ዳብልዩ 90 በየ40,000 ይበቃዋል፤ ክረምት ላይ ወንዝ ካቋረጡ ግን ቡሎኑን ፈትተው ይዩት። የወተት መልክ ካለው ውሃ ገብቶበታል፣ ዛሬውኑ ይለወጥ።

ናፍታ ውስጥ ያለ ውሃ ፖምፓና ኢንጀክተር ይበላል። በየወሩ ሞተሩን አጥፍተው ከናፍታ ፊልትሮው ሥር ጣሳ ያኑሩ፤ የታችኛውን መክፈቻ አንድ ዙር ያህል አላልተው ከላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ ይጫኑ። መጀመሪያ ውሃው፣ ቀጥሎም ደፍራሳ ናፍታ ይወርዳል፤ ንጹሕ ናፍታ ሲመጣ ይዝጉና ፖምፓዋ እስክትጠነክር ድረስ ይጫኑ። ፊልትሮውን በየ10,000 ይቀይሩ።

ለራዲያተሩ ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል ይቀላቀሉ። አንዳንድ መካኒክ ሞተር ሲግል ተርሞስታቱን ነቅሎ ይጥላል፤ ይህን እንዳይፈቅዱ። በእነዚህ ሞተሮች ተርሞስታቱ ሲጎድል ውሃው ራዲያተሩን ትቶ በአቋራጭ ስለሚዞር ሙቀቱ ይብሳል። የፋኑን መያዣም ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ በእጅ ያዙሩት፤ ሳይከብድ ብዙ ዙር ከተሽከረከረ ውስጡ ያለው ዘይት ፈስሷል።

ሐረጎን ወጥተው ሲደርሱ ባለ ቱርቦ ሞተርን ወዲያው አያጥፉ፤ አንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ይሥራ።

ወደ ባቲና ሚሌ ቆላ ሲወርዱ የላይኛውንና የታችኛውን የራዲያተር ጎማ፣ የፋን ቺንጋ፣ የናፍታ ፊልትሮና 10 ሊትር ውሃ ይያዙ። መለኪያው ከወጣ ኤሲውን አጥፍተው ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፣ ጥግ ይዘው ይቁሙ፤ ውሃ ካልፈሰሰ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ይብረድ። ውሃው ፈስሶ ካለቀ ግን ወዲያው ያጥፉ። የራዲያተሩ ጎማ በእጅ እስኪያዝ ድረስ ክዳኑን አይንኩ፤ ቀዝቃዛ ውሃም አያፍስሱ፤ ከአሉሚኒየም የተሠራ ቴስታታ የሚሰነጠቀው ያኔ ነው።