ላይነር የሚበሳ አረፋ፦ ለባሕር ዳርና ለጣና ዳር የናፍጣ ሞተሮች

የሞተር ዘይት ነጥቶ፣ የራዲያተር ውሃም ያለ ፍሳሽ እየጎደለ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚቀየረው የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሲሊንደሩ ራስ ማሸጊያ) ነው። ውሃው ላይነሩን (ፒስተኑ የሚመላለስበትን የብረት ቱቦ) በቀጥታ በሚነካበት ሞተር ግን ላይነሩን አውጥቶ ሳያዩ መግጠም ድካሙን ሁለት ጊዜ ማድረግ ነው።

ፒስተኑ ጋዙ ሲቃጠል ላይነሩን በአንድ ጎን ይመታዋል። ላይነሩ ሲርገበገብ ጎኑን የነካው ውሃ ግፊቱ ለቅጽበት ይወርድና የእንፋሎት አረፋ ይፈጠራል። ግፊቱ ሲመለስ አረፋው ተደርምሶ ብረቱን ይቆረቁረዋል፤ በመጨረሻ ሲበሳውም ውሃው ወደ ዘይቱ ይገባል።

ከማውጣታችሁ በፊት በሞተሩ ፊት በኩል ያለውን የላይነሩን ጠርዝ በቀለም ምልክት አድርጉበት። ካወጣችሁት በኋላ በውጭ ጎኑ ያለውን ቅርፊት በሽቦ ብሩሽ አጽድታችሁ በባትሪ መብራት እዩት። ዝገት ዙሪያውን ይበተናል፤ አረፋ የቆረቆረው ጉድጓድ ግን በአንድ ጎን፣ በሞተሩ ግራ ወይም ቀኝ በኩል ከላይ ወደ ታች ይሰለፋል፤ ነቀዝ የበላው እንጨት ይመስላል። ጉድጓዱ ገና ጥልቀት ከሌለውና የውስጥ ልኩ በማኑዋሉ ገደብ ውስጥ ከሆነ ላይነሩን 90 ዲግሪ አዙራችሁ መልሱት፤ የተበላው ጎን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይዞራል። ኦሪንጉ (የላይነሩ የጎማ ማሸጊያ ቀለበት) ግን ምንጊዜም አዲስ ይሁን። ጠልቆ ከሆነ ይቀየር።

«በረዶ በሌለበት አገር ኩላንት (ራዲያተር ውስጥ ከውሃ ጋር የሚጨመረው ፈሳሽ) ምን ያደርጋል?» ይባላል። እዚህ የሚፈለገው ለላይነሩ ስስ መከላከያ ሽፋን የሚሠራው ተጨማሪ ኬሚካል፣ በተለይም ናይትራይት ነው። ለከባድ ናፍጣ የተሠራ ኩላንት ግማሽ በግማሽ ከዲስቲልድ ውሃ ጋር ቀላቅሉ፤ ውሃውን ከባትሪ ሱቅ ስትገዙ ግን አሲድ አለመሆኑን አረጋግጡ። የተለያየ ዓይነት ኩላንት አትደባልቁ። ተጨማሪ ኬሚካሉ ለብቻ ሲጨመርም ከመለያው ልክ አትለፉ፤ ሲበዛ ዝቃጭ ሆኖ ራዲያተሩን ይደፍናል።

የራዲያተሩ ክዳን ቀላል ነገር አይደለም። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። 0.9 ባር ግፊት የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ወደ 115 ያደርሰዋል፤ ጎማው የተሰነጠቀ ከሆነ ቀይሩት። የፓምፑ የመሳቢያ ጎማም ከለሰለሰ ፓምፑ ሲስብ ይጨፈለቃል፤ አረፋውም ይብሳል። ተርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን የሚያግደውን) ማውጣት ደግሞ ስህተት ነው፤ ፒስተኑ ሳይሞቅ ከላይነሩ ጋር ያለው ክፍተት ሰፍቶ ይቀርና የበለጠ ይመታል።

በፎገራ ሜዳ ላይ ለመስኖ የሚሠሩት ክፍት ማጠራቀሚያ ያላቸው ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተሮች ግፊት አይዙም፤ ውሃቸውም እየፈላ ስለሚተን ኩላንት አይሆናቸውም። የሐይቁን ደፍራሳ ውሃ አዘቅጣችሁ ጥሩውን ብቻ ሙሉባቸው፤ ሙቀት ላይ እያሉ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሱባቸው፤ ሥራ ሲያልቅም ውሃውን ከሞተሩ አውጡት።