ፖሊስ «ለቃል ትፈለጋለህ» ሲል፦ ችግርና መፍትሔ

ችግር፦ ስልክ ተደውሎ «ጣቢያ ብቅ በል፣ ለአጭር ጉዳይ ነው» ተባሉ።

የተፈለጉት ወይ ለምስክርነት ወይ በተጠርጣሪነት ነው፤ ደዋዩ ሁልጊዜ አይነግርዎትም። ተጠርጣሪ ዝም ማለት ይችላል። ምስክር ግን እውነቱን መናገር አለበት፤ እምቢ የሚለው መልሱ ራሱን በወንጀል የሚያስጠይቀው ሲሆን ነው። ስለዚህ አስቀድመው «የተጠራሁት በምን ጉዳይ ነው? በምስክርነት ወይስ በተጠርጣሪነት?» ይበሉ። የጽሑፍ መጥሪያም ይጠይቁ። መጥሪያ ከደረሰዎት ግን መጥፋት አያዋጣም፣ መያዝን ያመጣል። ሲወጡ የጣቢያውን ስም ለቤተሰብ ይንገሩ።

ችግር፦ መርማሪው «ንጹህ ከሆንክ ምን ያስፈራሃል? ተናገርና ቤትህ ግባ» ይላል።

ቃል ያለበት መዝገብ ሥራውን ያቀልለታል፤ ነገሩ ይኸው ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ላለመናገር መብት እንዳለው፣ የሚሰጠው ቃልም ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት እንደሚችል እንዲነገረው ያዛል። ስምና አድራሻዎን ይስጡ፤ ከዚያ «ከጠበቃ ጋር ሳልማከር ቃል አልሰጥም» ብለው ያቁሙ። መዋሸት ግን ከዝምታ የከፋ ነው።

ችግር፦ ቃልዎ ተጽፎ «ፈርም» ተባሉ፤ የተጻፈው ግን ያሉት አይደለም።

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። መርማሪው የሚጽፈው በራሱ አነጋገር ነው። እርስዎ «ተገፋፋን፣ እሱ ወደቀ» ያሉት «ገፍትሬ ጣልኩት» ሆኖ ይገኛል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ክስ ነው። እያንዳንዱን ገጽ ያንብቡ፤ መነጽር ካልያዙ ወይም ማንበብ ካልቻሉ «ይነበብልኝ» ይበሉ። ቋንቋውን በደንብ ካልሰሙ አስተርጓሚ ይጠይቁ። ስህተቱ ፊትዎ ይታረም፣ ባዶ የቀረ ቦታ ይሰረዝ። «ምን አስቸገረህ፣ ያው ነው» ብሎ ይቆጣ ይሆናል፤ ይቆጣ። ካልታረመ አይፈርሙ። ፈርሙ ብለው ካስጨነቁዎት ከፊርማው በላይ «ይህን አላልኩም» ብለው በእጅዎ ይጻፉ።

ችግር፦ ታስረው 48 ሰዓት አለፈ፣ ዳኛ አላዩም።

«ቅዳሜና እሁድ ነው» ይባላል። ሕገ መንግሥቱ ግን የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ ከዚህ ውጭ የሚያደርገው እስከ ፍርድ ቤት የሚወስደውን የመንገድ ጊዜ ብቻ ነው። የተያዙበትን ሰዓት ይያዙ፤ ቤተሰብ ወይም ጠበቃ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ (ያለ ሕግ የታሰረ ሰው እንዲለቀቅ የሚጠየቅበት) ለፍርድ ቤት ያቅርብ። ዳኛ ፊት ሲቆሙ ዋስትና ይጠይቁ። ፖሊስ ለምርመራ ተጨማሪ ቀን ቢለምን፣ በመደበኛ ወንጀል አንዱ ጊዜ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም፤ ካለፈው ቀጠሮ ወዲህ ምን እንደሠራ ዳኛው እንዲጠይቀው ያሳስቡ። ተመትተው ከሆነ እጅጌዎን ሰብስበው ቁስሉን ያሳዩ፣ ሐኪም እንዲያይዎት ይጠይቁ፣ ያሉትም መዝገቡ ላይ እንዲሰፍር ያመልክቱ። ተገርፈው የሰጡት ቃል ማስረጃ አይሆንም፤ ግርፋቱን ለማስረዳት ግን ቁስሉ ሳይጠፋ መታየት አለበት።