የጃፓን ቢላ ስንገዛ የምንሳሳተው የት ላይ ነው?

የመጀመሪያዬን የጃፓን ቢላ በሦስት ሳምንቱ ሸረፍኩት። ለዶሮ ወጥ ብልት እያወጣሁ ነበር። መገጣጠሚያው አልላቀቅ ሲለኝ ቢላውን ጠምዘዝ አደረግኩት፤ ቀጭ አለ። ወደ መብራት አስጠግቼ ሳየው ከስለቱ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታክል ጎድላለች። ስባሪዋን ፍለጋ ዶሮውን በሙሉ እንደገና አጠብኩት። ሻጩን በሆዴ ረግሜዋለሁ። ጥፋቱ ግን የራሴ ነበር።

አንድ ቢላ ለሁሉም ይሆናል ማለት፦ የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው። የጀርመን የወጥ ቤት ቢላ የብረቱ ጥንካሬ በሮክዌል መለኪያ ከ56 እስከ 58 አካባቢ ነው። በእጅ የሚሠራው የጃፓን ቢላ ብዙውን ጊዜ ከ60 ይበልጣል፤ 64 እና 65 የሚደርስም አለ። ጠንካራ ብረት ስስ ስለት ይይዛል፣ ቶሎም አይዶለድምም። ግን አይጎብጥም፣ ይሸረፋል። አጥንት፣ በረዶ የሆነ ሥጋና መጠምዘዝ አይወድም። ስለዚህ አዲሱ ቢላ ቤት ሲገባ የድሮውን ወፍራም ቢላ አትጣሉት።

ሁለተኛው በስም መግዛት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ብር የሚባክነው እዚህ ስለሆነ። ኦሳካ አጠገብ ባለችው ሳካይ ከተማ ቢላ በባህሉ በአንድ ሰው እጅ አያልቅም። አንዱ ብረቱን ይቀጠቅጣል፣ ሌላው ይስላል፣ ሌላው እጀታ ይገጥማል። በመጨረሻ ስሙን የሚያስቀርጽበት ነጋዴው ሊሆን ይችላል። እናም በሁለት ስምና በሁለት ዋጋ የሚሸጡ ቢላዎች ከአንድ ምድጃ የወጡ ሊሆኑ ይችላሉ። የዚህ ተቃራኒም አለ፦ ቀጥቃጩ አንድ ሆኖ የሳዩ እጅ ስለሚለያይ አንዱ ቢላ ሽንኩርቱን ሳይሰማችሁ ያልፈዋል፣ ሌላው ይታገለዋል። በኒጋታ ሳንጆና በፉኩይ ኤቺዘን ደግሞ ከቅጥቀጣው እስከ መሳሉ ሥራውን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚጨርሱ ብዙ ናቸው። ስለዚህ «ይሄ የማን ነው?» ብላችሁ አታቁሙ። «ማን ቀጠቀጠው? ማን ሳለው?» በሉ። ሥራውን የሚያውቅ ሻጭ በጥያቄው ደስ ይለዋል።

ሱቁ ከፈቀደላችሁ ወፈር ያለ ካሮት ቁረጡበት። ከስለቱ በላይ ያለው አካሉ ወፍራም ከሆነ ገና ታች ሳይደርስ ካሮቱን ቋ አድርጎ ይሰነጥቀዋል። ስስ ሆኖ የተሠራው ግን ዝም ብሎ እስከ መክተፊያው ይወርዳል። ሁለቱም ጸጉር የሚላጩ ስለታሞች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ልዩነቱ ከስለቱ በላይ ባለው ውፍረት ነው።

ሞገድ ሞገድ በሚመስለው የ«ደማስቆ» ጌጥ መሸነፍም አለ። እኔም ያምረኛል። ግን በአብዛኛዎቹ ቢላዎች ላይ ጌጡ ያለው በጎንና በጎን በተለበጠው ብረት ላይ ነው፤ የሚቆርጠው መሐል ላይ የገባው ሌላ ብረት ነው። የሐበሻ ቀሚስ ስትገዙ ጥለቱን ብቻ አይታችሁ አትከፍሉም፣ ሸማውንም ትዳስሳላችሁ። ይሄም እንደዚያው ነው።

የብረቱን ዓይነት የምትመርጡት ደግሞ የራሳችሁን አመል አይታችሁ ነው። ሺሮጋሚ (ነጭ ወረቀት) እና አኦጋሚ (ሰማያዊ ወረቀት) የሚባሉት የካርቦን ብረቶች ስማቸውን ያገኙት ፋብሪካው ከሚጠቀልልባቸው ወረቀት ቀለም ነው እንጂ ብረቱ ነጭ ወይም ሰማያዊ ሆኖ አይደለም። ነጩ ለመሳል ቀላል ነው። ሰማያዊው ክሮሚየምና ተንግስተን ስለተጨመረበት ስለቱ ይቆይለታል። ሁለቱም ይዝጋሉ። በየቀኑ ሽንኩርት የምትከትፉ ከሆነ ደግሞ ይሄን እወቁ፦ እንዲህ ያለ ቢላ አዲስ ሳለ ሽንኩርቱን ሊያጠቁረው ይችላል። ቀስ በቀስ ራሱ ግራጫና ሰማያዊ ይሆናል፤ ያ ጥሩ ነው፣ ብረቱን ትንሽ ይከላከልለታል። ብርቱካናማ ካያችሁ ግን ዝገት ነው። ቲማቲም ቆርጦ ቢላውን ሲንክ ውስጥ የሚተው ሰው ቤት ውስጥ ካለ (እኛ ቤት አለ፣ ስሙን አልጠራም) እንደ ቪጂ 10 ያለ የማይዝግ ብረት ይሻላችኋል። ወይም መሐሉ የካርቦን ብረት ሆኖ ጎኑ በማይዝግ ብረት የተለበጠ።

ስለ መጠን ብዙ አልልም። 240 ሚሊሜትር ግዩቶ (ረጅሙ የወጥ ቤት ቢላ) ፎቶ ላይ ያምራል፤ መክተፊያችሁ ትንሽ ከሆነ ግን ያስቸግራችኋል። ለመጀመሪያ ከ165 እስከ 180 ሚሊሜትር ያለው ሳንቶኩ (አጠር ያለው የቤት ቢላ) ይበቃል። ግራኝ ከሆናችሁ ደግሞ እንደ ያናጊባ (ጥሬ ዓሣ በስሱ የሚቆረጥበት ረጅም ቢላ) ያለ፣ በአንድ ጎኑ ብቻ የተሳለ ቢላ ከመግዛታችሁ በፊት ለግራ እጅ የተሠራ መሆኑን ጠይቁ። አብዛኛው ለቀኝ እጅ ነው።

የመጨረሻው ስህተት ብሩን ሁሉ ቢላው ላይ ጨርሶ ለመሳያ ድንጋይ ምንም አለማስቀረት ነው። 1000 ቁጥር የውሃ ድንጋይ (በውሃ አርሰው የሚስሉበት፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድንጋዩ ሻካራ ነው) ከቢላው ጋር አብሮ ይገዛ። የመስታወት መክተፊያና የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ደግሞ ይቅርባችሁ። የኔን ሽርፋት ያጠፋሁት 400 ቁጥር ድንጋይ ተውሼ፣ ሁለት ማታ ሲንኩ አጠገብ ቆሜ ነው። ቢላው ትንሽ ጠበብ ብሏል፣ ግን ይቆርጣል። የዶሮ ብልት የማወጣው አሁን በድሮው ቢላ ነው።